ደግመው የታዩት መንገደኞች

እድላዊት ምክር ቤት ከገባች ወዲህ ስሟን ያስጠራላት አንድ ቃል ነው፤ «ይጠና»። ከደጋ ወረዳ ተመርጣ የመጣች የሕግ ሰው ናት። ስትናገር ድምጿን አታነሳም፤ ሁለት ወገን ሲካረር መሐል ገብታ ማብረድ ትችልበታለች። ያለ ፈቃድ ድንበር ስለሚያቋርጡ ስደተኞች የተዘጋጀው ረቂቅ አዋጅ ኮሚቴያቸው ፊት በቀረበ ጊዜም ሁሉንም ከጭቅጭቅ ያወጣቸው ይኸው ቃሏ ነበር።

ረቂቁ ረጅም ነው፤ ጠብ ያስነሳው ግን አንዲት አንቀጽ ናት። ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ስደተኛ መንገድ ላይ አግኝቶ ያጠጣ፣ ያበላ ወይም በመኪናው ጭኖ እርዳታ ወደሚያገኝበት ያደረሰ ሰው በሰው አዘዋዋሪነት አይጠየቅም ትላለች። ገሚሱ የኮሚቴ አባል ይህማ ለደላላ በር መክፈት ነው፣ ነገ አዘዋዋሪው ሁሉ «በረሃ ላይ ወድቀው አገኘኋቸው» ሊል ነው ብሎ ተቃወመ። ገሚሱ ደግሞ ሾፌሮች እስር ፈርተው በሞት አፋፍ ያለ ሰው ጥለው እያለፉ ነው አለ። መሥሪያ ቤቶቹ ሲጠየቁ ጉዳዩ የክልል ነው አሉ፤ ክልሎቹ ሲጠየቁ የፌዴራል ነው አሉ። ሁሉም ወደ ምክር ቤቱ ያያል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ወደ ሁሉም ያያል።

እድላዊት አንቀጿ ለተጨማሪ ጥናት ትመለስ አለች። አልደገፈችም፣ አልተቃወመችም። ሰብሳቢው ብስለቷን አመሰገነላት። ተጠንታ ስትመጣ እንደገና አስመለሰቻት። በመጨረሻ የሕዝብ አስተያየት ይሰብሰብ ተባለና ሰመራ ላይ የሚደረገውን መድረክ እንድትመራ እሷ ተላከች።

የመንግሥቱን መኪና የሚነዳላት ጋሽ አበጀ ነው፤ ጡረታው የደረሰ፣ ዝምታ የሚወድ የመንዝ ሰው። በማለዳ ከአዲስ አበባ ወጥተው አዋሽ ሰባት ኪሎ ለምሳ አረፉ። ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ኸሊዳ የምትባል ከወሎ የመጣች ሴት ሆቴል አላት፤ አበጀ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር የሚበላው እሷ ዘንድ ነው። የፍየል ጥብሱን ራሷ ይዛ መጥታ፣ የት እንደሚሄዱና ለምን እንደሚሄዱ ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አብዱናሲር ስለሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ደንበኛዋ አወራቻቸው። ጅቡቲ ሲመላለስ ዓመታት የኖረ ሰው ነው። በክረምቱ ሙቀት መንገድ ዳር የወደቁ ልጆች አንስቶ ጤና ጣቢያ ሊያደርስ ሲል ኬላ ላይ ተይዞ ታሰረ፤ እስካሁንም አልተፈታም። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮቿ ሁሉ መስኮት ዘግተው ነው የሚያልፉት። ይህን ስትናገር ወቀሳ አልነበረባትም፤ ስለ ዝናብ መጥፋት የምታወራ ነበር የምትመስለው። ሲነሱ አንድ እሽግ የታሸገ ውኃ አስመጥታ ከኋላ አስጫነችላቸው።

«ለመንገድ ነው» አለች። «አላህ በሰላም ያግባችሁ።»

የመልካ ወረርን መገንጠያ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ነው ሰዎቹን ያዩዋቸው። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከአስፋልቱ ዳር፣ ጥላዋ ለራሷ እንኳ የማትበቃ አንዲት ግራር ስር አራት ሆነው ነበር። አንድ እጅጌው የተቀደደ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ረጅም ሰውዬ ግንዱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሁለት ወጣቶች አጠገቡ ጋደም ብለዋል፤ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ቆማ ጀሪካን ወደ መኪናው ዘቅዝቃ ታሳያለች። ምንም አይወርደውም።

አበጀ ነዳጁን ቀነሰ። «እናቁምላቸው?» አለ።

እድላዊት መልሱን ታውቀዋለች። የሕጉን ቁጥር ሳይቀር ታውቀዋለች። ማጠጣቱ እንኳ ቢታለፍ፣ ካጠጡ በኋላ እዚያው ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ መጫን ይመጣል። መኪናው የመንግሥት ነው፤ በማግስቱ ስለዚሁ ጉዳይ መድረክ የምትመራው እሷ ናት። ለአንድ ወገን አድልታለች ይባላል።

«ቀጥል፣ ጋሽ አበጀ» አለች። «ኬላው ጋ እንነግራቸዋለን። እነሱ በደንቡ ያነሷቸዋል።»

አበጀ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ፤ ከዚያም ነዳጅ ሰጠ። ገዋኔ ኬላ ሲደርሱ ግን ሰብሳቢው ደውሎ ስለ ነገው ፕሮግራም እያነጋገራት ነበር። ጠባቂው የመንግሥት ሰሌዳውን አይቶ እንጨቱን ቀድሞ አነሳው፣ እጁንም አውለበለበ። ስልኩን ስትዘጋ ከተማው ከኋላቸው ቀርቷል። ከሰመራ እደውላለሁ ብላ አሰበች።

የአየሉ ተራራ ከኋላ እየደበዘዘ፣ ሚሌ ሊደርሱ ሲሉ፣ አበጀ በድንገት መሪውን ጨበጥ አደረገ። እሷም አየች። መንገድ ዳር ያው ረጅም ሰውዬ ቆሟል። ያው ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ያው አንድ እጅጌው የተቀደደ። ሁለቱ ወጣቶች ከኋላው ናቸው። ጀሪካኑ መሬት ላይ ተቀምጧል። እጃቸውን አላነሱም፣ አልለመኑም። ከፊታቸው አንድ ተሳቢ በኃይል አልፎ አቧራውን ሲያስነሳ ቁጥቋጦው ሁሉ ተንዘፈዘፈ፤ የሰውዬው ሸሚዝ ግን አልተነቃነቀም። አንገቱን እያዞረ መኪናውን በዓይኑ ሸኘ፤ እድላዊት የሚያየው እሷን እንደሆነ አልተጠራጠረችም።

«ቁም!» አለች ሳታስበው።

አበጀ አልቆመም። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «እነዚህ ውኃ አይፈልጉም» አለና ነዳጅ ጨመረ።

ሙቀት ዓይን ያታልላል፤ ከእነሱ በፊት የነበረ ሌላ መኪና ጭኗቸው መጥቶ አውርዷቸው ይሆናል፤ በዚህ መንገድ ላይ የተቀደደ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ ለራሷ አለች። ወደ ኬላው የመደወሉን ነገር ግን አላነሳችውም። ብትደውል የት አየሻቸው ሊሏት ነው፤ የቱን ቦታ እንደምትናገር ደግሞ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከውጭ ሰመራ እንደ ልማዷ ነዳለች፤ ከውስጥ አየር ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። የጸጥታ ኃላፊው ተነስቶ አንቀጿ ብትጸድቅ ቁጥጥር የሚባል ነገር እንደማይኖር አስረዳ። አንድ ጠበቃ ደግሞ ቸርነትን ወንጀል ያደረገ ሕግ ራሱ ወንጀል ነው አለ፤ ተጨበጨበ። ከክልል የመጣው ኃላፊ ፌዴራሉ አቋሙን ያሳውቀን አለ፤ ከፌዴራል የመጣው ክልሉ አስቀድሞ ሐሳቡን በጽሑፍ ያቅርብ አለ። እድላዊት ሁሉንም እያመሰገነች መድረኩን በደንብ ይዛው ነበር።

ከዚያ የመጨረሻውን ረድፍ አየች።

ሦስቱ እዚያ ተቀምጠዋል። ረጅሙ ሰውዬ መሐል ነው፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ማንኛውም ተሰብሳቢ ያዳምጣል። ፀጉራቸው፣ ቅንድባቸው፣ ከንፈራቸው አቧራ ብቻ ነው። ውኃ የምታድለው ሴት በየወንበሩ ጠርሙስ እያስቀመጠች መጣች፤ እነሱ ጋ ስትደርስ እጇ ሳይዘረጋ አልፋ ቀጣዩ ሰው ፊት አስቀመጠች። ከዚያ ቆም ብላ በሙቀት ቀን ብርድ እንደነካው ሰው ክንዷን አሻሸች። እድላዊት የተናጋሪዎቹን ዝርዝር ደግማ አገላበጠች። ከጎኗ የተቀመጠው ምክትሏ ፍቅረ ሥላሴ «ተራው የአገር ሽማግሌዎች ነው» ብሎ ሹክ አላት።

የተነሱት ሁመድ ያዮ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ጎሳቸው የሚኖረው በዚያው በአዋሽ መንገድ ዳር ነው። ማይክራፎኑን አልተቀበሉም።

«እኛ እንቀብራለን» አሉ። «ስንቀብር ማን ፈቀደላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ስናጠጣ ግን እንጠየቃለን። አንቺ ሕግ የምታወጪው፣ ይሄን ነገር አስተካክይው። ሌላ ወሬ የለኝም።»

ተቀመጡ። ሊያጨበጭብ የጀመረ ሰው ነበር፤ ብቻውን እንደሆነ ሲያውቅ ተወው።

ለዕረፍት ሲወጡ እድላዊት ሽማግሌውን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸውና ያየችውን ነገረቻቸው። እንደ እብድ እንዳያዩዋት ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ ከብት የጠፋበትን ሰው እንደሚጠይቁ ሁሉ ረጋ ብለው ጠየቋት። የት እንዳየቻቸው፣ መኪናው ቆሞ እንደሆነ፣ ውኃ ይዘው እንደነበር። ይዘን ነበር አለች።

«ጥሏቸው ያለፈውን መኪና ይከተላሉ» አሉ። «የእኛ ሰዎች ያውቁታል። ሾፌሮችም ያውቁታል፤ አያወሩትም። መጀመሪያ ስታያቸው ስንት ነበሩ?»

«አራት።»

«ከዚያስ?»

ሚሌ አጠገብ የቆሙትን በዓይነ ኅሊናዋ ዞረቻቸው፤ ሰውዬው፣ ወጣቶቹ፣ መሬት ላይ የተቀመጠው ጀሪካን። የያዘው ሰው አልነበረም። ቢጫ ሻሽ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥም የለም።

«ሦስት» አለች።

ሁመድ መፋቂያቸውን ወደ አፋቸው መለሱ። «እንግዲህ አንዷ ገና እዚያው ናት» አሉ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ለፍቅረ ሥላሴ መድረኩን እንዲጨርስ ነግራው ወጣች። አበጀ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ የት እንደሚሄዱ ሳትነግረው ሞተሩን አስነሳ። ሁመድም ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ እድላዊት ዳር ዳሩን ስታይ ሄደች፤ የቆመ ሰው አልነበረም። ፍየሎች፣ ግመሎች፣ የተገለበጠ ተሳቢ፣ ከዚያ ባዶ ሜዳ። ማንም አልተከተላቸውም፤ ይህ ደግሞ ከመከተሉ የባሰ አስፈራት።

ግራሯ ስር ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ረጅሙ ሰውዬ ትናንት ባየችው አኳኋን ግንዱን እንደተደገፈ ነው። ሁለቱ ወጣቶችም ጋደም እንዳሉ ናቸው። ሁመድ ቀርበው የሦስቱንም ግንባር በየተራ ነኩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሞቱ ቆይተዋል አሉ፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይ ማምሻውን።

ልጅቷን ያገኛት አበጀ ነው። ከአስፋልቱ ስር የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ አለ፤ እዚያ ውስጥ ጥላው ላይ ተኝታለች። ጀሪካኑን አቅፋለች። ስሙኝ የምትል ይመስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። በኸሊዳ ውኃ ሻሿን እያራሱ ከንፈሯን አበሱላት፤ ከዚያ ጠብ ጠብ እያደረጉ አጠጧት። ሁመድ ከሞቱት ጋር ሊቀሩ ወሰኑ፤ ሰዎቻቸው እስኪመጡ ብቻቸውን አይተዉም አሉ። አበጀ ልጅቷን አቅፎ ከኋላ አስተኛትና ወደ አዋሽ አዞረ።

ነፍስ ሲዘራባት ስሟን ተናገረች፤ ሀዊ ትባላለች፤ ከአርሲ ነው የመጣችው። ደላላው ኬላ ሳይደርስ በረሃ ላይ አውርዷቸው፣ ዞሬ እወስዳችኋለሁ ብሎ ሄዶ ቀረ። የመጨረሻውን ውኃ ትንሿ አንቺ ነሽ ብለው ለእሷ ሰጧት። ረጅሙ ሰውዬ ምስክር ይባላል፤ አስተማሪ ነበር። የአንደኛውን ወጣት ስም ታውቃለች፤ የሌላውን አታውቅም፤ ከመጣ ጀምሮ አልተናገረም።

እድላዊት እጇን ይዛ ነበር። «አሁን አታውሪ፤ ድካም ነው» አለቻት።

ሀዊ ግን ማውራት ፈለገች። «መኪናው ካለፈን በኋላ ተነሱ» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ሦስቱም ተነሱ። ምስክር አንቺ ጥላው ውስጥ ግቢ፣ እኛ ሴትዮዋን ተከትለን ሄደን ይዘናት እንመጣለን አለኝ። ደክመው ነበር፤ ግን ሲሄዱ ቀጥ ብለው ነው የሄዱት። አሁን የት አሉ? እዚያው ቀሩ?»

አበጀ መኪናውን ዳር አስይዞ ጥቂት ቆመ። እድላዊት ልጅቷን ግንባሯን ሳመቻትና፣ አዎ፣ ሰመራ አይቻቸዋለሁ አለቻት።

አዋሽ መግቢያ ያለው ኬላ ላይ አስቆሟቸው። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው። ከኋላ የተኛችውን አየ፣ መታወቂያ ጠየቀ፤ የላትም። እድላዊት የምክር ቤት መታወቂያዋን አውጥታ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ልጅቷ በባጃጅ ጤና ጣቢያ እንድትደርስ ወዲያው አዘዘ። ከዚያ ሰላምታ ሰጥቶ «እርስዎ መሄድ ይችላሉ፣ የተከበሩ» አላት። «ሾፌሩ ግን ይቆያል።»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «የሚታሰር ሰው ካለ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ያለመከሰስ መብት አለዎት። እሱ የለውም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለ ፖሊሱ። ሊነካት ብሎ አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

አበጀ ቁልፉን አስረከባት። የሚያደርሳት ሰው እንዳላት ጠየቃት፤ ስለ ራሱ ምንም አላለም። ከፖሊሱ ጋር ወደ ቆርቆሮው ቤት ሲገባ ኮፍያውን አወለቀ።

እድላዊት ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰችም። ኸሊዳ ዘንድ ክፍል ይዛ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ፣ ከሰዓት ጤና ጣቢያ እየተመላለሰች ሰነበተች። ኸሊዳ ለአበጀ ምግብ ስትልክለት ለአብዱናሲር እንደምታደርገው ሁሉ በሰሐን ከድና ነበር። በመጨረሻ በዋስ ተለቀቀ፤ ክሱ ግን ተከፈተበት። ሀዊ አገግማ፣ ወንድሟ ከአርሲ መጥቶ ወሰዳት። ሁመድ ሦስቱን ግራሯ አጠገብ ቀበሯቸው፤ ያንን ስሙን ያልተናገረውንም ጨምሮ።

ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ እድላዊት እጇን አወጣች። አንቀጿ እንዳትመለስ ጠየቀች። ከዚያ የእሷ ያለመከሰስ መብት እንዲነሳና ከሾፌሯ ጋር አብራ እንድትከሰስ ጠየቀች። አዳራሹ በጉምጉምታ ተሞላ። አፈ ጉባኤው ይህ በአጀንዳው የለም አሉ። ከፊት የተቀመጠ አንድ የኮሚቴ ባልደረባዋ ማይክራፎኑን ተቀብሎ የባልደረባችንን ስሜት እንረዳለን፣ ነገሩ ግን ስሜት ሳይሆን ብስለት ይጠይቃል አለ። ድምፁን አላነሳም። ያለውን ሁሉ ቀድሞ ከራሷ አፍ የሰማችው መሰላት፤ ፊቷ ጋለ።

ቀኑን ሙሉ ተከራከሩ። ማታ ድምፅ ሲሰጥ አንቀጿ ለሁለት ተከፈለች። ውኃና ምግብ መስጠት አያስጠይቅም የሚለው በጠባብ ልዩነት አለፈ። መጫንን የሚመለከተው ግን ለጥናት ተመለሰ። የእሷ ጥያቄ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። በወሩ ከኮሚቴው አነሷት። የአበጀ ጉዳይ ሲንከባለል ቆይቶ በማስረጃ ጉድለት ተዘጋ፤ እሱ ግን ጊዜው ሳይሞላ ጡረታ ወጣ፣ መኪናም ዳግመኛ አልነዳም። አብዱናሲር እስካሁን አልተፈታም፤ እሱ ጭኖ ነበር።

ሕጉ በወጣ ማግስት እድላዊት ለሁመድ ደወለችላቸው። ማጠጣቱ እንደተፈቀደ ነገረቻቸው። ጥሩ ነው አሉ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር፤ ሜዳ ላይ ናቸው።

«መጫኑስ?» አሉ።

«ይጠና ተብሏል።»

ነፋሱ ድምፃቸውን ዋጠው። የተቆረጠ መስሏት ስማቸውን ጠራች።

«አለሁ» አሉ። «እንግዲያው እኛም መቆፈሪያውን ሩቅ አናስቀምጥም።»